የባሕር ካርታ

መሬቱ ገና ባሕር ነበር፣ ውሉን ሳረቅቅ፤
የዓሣ ወጥመድ ተተክሎበት፣ ገና ሳይደርቅ።
በካርታው ላይ ግን ቁጥር አለው፣ ድንበር አለው፣
በቀይ መስመር የታጠረ አራት ማዕዘን ነው።
ሐጂ ጁምዓ መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ ሙስበሃውን እየቆጠረ፣
«ኡስታዛ፣» አለኝ፣ «ባንክ ለሞገድ መቼ አበደረ?»
ሳቅን። ከዚያ ጻፍኩለት፣ አንቀጽ ሦስትን፦
«መሬቱ በደረቀበት ሰዓት መያዣው ይጸናል» የሚለውን።
ተነበበ፣ ተፈረመ። ሃያ ሁለት ሚሊዮን ዲናር
ተቆጠረ፣ ጀልባ በሚያልፍበት በዚያ ጨዋማ ድንበር።

ሙያዬ ይኸው ነው፤ የሌለን ነገር
እንዳለ አድርጎ፣ ቀን ቆርጦ፣ በቃል ማሰር።

*

አባቴ ደሴ ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣
ራፖር ጸሐፊ ነበር፤ ጃንጥላ እንጂ የለው ማዕረግ።
ገጹን በሁለት ብር ይጽፋል፣ ካርቦን አስገብቶ፤
የድሮ ሙግት ይወዳል፤ «ተጠየቅ!» ይላል ተነሥቶ፣
ከሳሽ ሆኖ፣ ተከሳሽ ሆኖ፣ ለብቻው።

«ውል ሁለት ነው፣» ይለኛል፣ «አንዱ የወረቀት፣
አንዱ የክር ነው፤ ሲወሳሰብ የምትይዢበት።
የመጀመሪያውን ማንም ይጽፈዋል፣ ቀለም ካለው።»
ስለ ሁለተኛው ሳይነግረኝ፣ ደንበኛ ጠራው።

*

መናማ ስመጣ አስተርጓሚ ነበርኩ፣ ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ፣
ከዚያ አርቃቂ፣ ከዚያ ኃላፊ፣ ከዚያ ሸሪክ፣ አራተኛ።
ውል የሚዘጋው ሌሊት ነው፣ ሁልጊዜ ሌሊት፤
የፊርማ ገጽ ከለንደን፣ ከሙምባይ ይጠበቃል እስከ ንጋት።
የቀዘቀዘ ሻይ፣ ብርዱ አጥንት የሚገባ ክፍል፤
«ወለድ አትበዪ፣ ትርፍ በዪው፤ ነውር ነው ያ ቃል።»
ትርፍ አልኩት። እሱ ግን በየሦስት ወሩ ወለደ።
እኔ አልወለድኩም፤ ቀጠሮ ነበረብኝ፤ ጊዜው ሄደ።

*

ባሕሩ ደረቀ፤ ግንቡ ወጣ፤ አሥራ ዘጠነኛው ላይ ቆመ፤
ክሬኑ አንገቱን እንደዘረጋ ቀረ፤ ሐጂ ጁምዓ ታመመ።
የክፍያውን ተራ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አንቀጽ አርባ አንድ፦
መጀመሪያ ባንኩ፣ ቀጥሎ ባንኩ፣ ቀጥሎ የጠበቃ አበል፣
የተረፈ እንደሆነ ተቋራጩ።

ናርሲምሉ የሚባል ብረት አሳሪ መጣ፤
ሄልሜቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሦስት ቀን ተቀመጠ፣ ድምፅ ሳያወጣ።
በአራተኛው ቀን ሳልፍ ተነሣ፤ ዐረብኛው ስብርብር ያለ።
«እመቤት፣ የሰባት ወር ደመወዝ አለኝ።
እኔ ስንተኛው አንቀጽ ላይ ነኝ?»

ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ። በቃሌ አውቀዋለሁ።
የመስታወቱ ውፍረት አለ፣ የአሳንሰሩ ፍጥነት አለ፣
ጦርነት አለ፣ ጎርፍ አለ፣ የእግዜር ቁጣ አለ።
እሱ የለም።

የባንኩ ጠበቃ ነኝ፤ አቤቱታ ልጽፍለት አልችልም፤
ሕጉ ይከለክላል። አባቴ ቢሆን ይህን አይሰማም።
አንድ የፊርማ ገጽ ገልብጬ፣ ከጀርባው ካርታ ሣልኩለት፦
አውቶቡስ ማቆሚያው፣ መስጊዱ፣ ወደ ግራ፣ ሰማያዊው በር፣
አራተኛው መስኮት። «በጠዋት ሂድ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ አያናግሩም።»
በአራት አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው።
ደረሰ፣ አልደረሰ፣ አላውቅም። አልጠየቅኩም።

*

ግንቡ ዛሬ መስታወት ለብሷል፤ ሌላ ስም፣ ሌላ ጌታ አለው፤
ያንንም ብድር ያረቀቅኩት እኔ ነኝ፤ አንቀጽ አርባ አንድ እንዳለ ነው።
ቢሮዬም እዚያው ሆኗል። ማታ ስወርድ፣ ሦስተኛው ምድር ቤት፣
ግድግዳው ያልበዋል፤ ጨው ነጭ መስመር አስምሮበት።
ፓምፑ ሌት ተቀን ይስባል። «ባሕር ነው፣ ኡስታዛ፣» አለኝ ዘበኛው፣
«ቤቱ እኮ ነው።»

ቁልፌን ይዤ ቆምኩ። ከግድግዳው ጀርባ
አንድ ነገር ያንኳኳል ቀስ ብሎ፣ እንደ ባላጋራ ሊገባ፤
ካርታ የለውም፣ ራፖር አላስጻፈም።
«ተጠየቂ፣» ይላል።
መብራቱ ሰው የለም ብሎ ጠፋ፤ አልተንቀሳቀስኩም።